ሁለት መጽሐፍ ይዤ ጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን ካለፉ በኋላ መኪናው ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ በመስኮት ግልብጥ ብሎ ይገባል። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ መቀዝቀዝ ጀመረ፤ ከሰኮሩ ወዲያ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ይዣለሁ። አንዱ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የጻፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ። የመጀመሪያው እትም ርዕስ ኦሮሞን ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠር ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ዳግም ሲታተም ግን ርዕሱ ላይ «ኦሮሞ» ተብሎ ታረመ። ሁለተኛው የመሐመድ ሐሰን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1570 እስከ 1860 ያለውን የኦሮሞ ታሪክ፣ በተለይም አምስቱን የጊቤ መንግሥታት ያወሳል፤ ሊሙ እናሪያን፣ ጎማን፣ ጉማን፣ ጌራንና ጅማን። ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው። አገሩን እያየሁ ላነባቸው ነበር የመጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሂርማታ መርካቶ አካባቢ መጽሐፍ ቤቶች ገባሁ። የትምህርት ቤት መርጃ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ በሽ በሽ ነው። «ስለ ጅማ ታሪክ የሚያወራ አለህ?» አልኩት አንዱን ሻጭ።

«ወንድሜ፣ ጠያቂውማ ሞልቷል። መጽሐፉ ነው የሌለው» አለኝ።

አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ የተሻለ አገኘሁ። ግን ታሪኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ደኑ ሌላ ክፍል፣ ቡናው ከግብርና ጋር ታች። ከፎቅ ታች ስመላለስ ዋልኩ። የደከመኝ ደረጃው አይደለም። አንድ አገር ሦስት ቦታ ተቆራርጦ መቀመጡ ነው ቅር ያሰኘኝ።

ለምሳሌ ሞጋን እንውሰድ። የጊቤ መንግሥታት በወሰናቸው ላይ ሰው የማይሰፍርበት፣ የማይታረስ መሬት ይተዉ ነበር። ሞጋ ይባላል። ጠላት ሳይታሰብ እንዳይገባ ነው። መተላለፊያው ላይ ኬላ አለ፤ ጠባቂው አባ ኬላ ነው። የታሪክ መጽሐፉ ይህን ሁሉ በጦርነትና በአስተዳደር ምዕራፍ ያስቀምጠዋል። እኔ ግን ሳነብ ዛፍ ነው የታየኝ። ሳይታረስ ዓመታት የሚቆይ መሬት ምን ይሆናል? ጫካ ነዋ! ስለ ደን የጻፈው ሰውና ስለ ወሰን የጻፈው ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ቢሆን እንዴት ያለ ምዕራፍ በወጣው!

ከሰዓት በባጃጅ ጅሬን ወጣሁ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከተማውን ቁልቁል እያየ ኮረብታው ላይ ቆሟል። የእንጨት ሥራው ያስደምማል። ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ «አባ ጅፋር» የፈረሱ ባለቤት ማለት ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ፤ 54 ዓመት። ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። ጎረቤታቸው ከፋ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 መንግሥቱን ሲያጣ፣ ጅማ በራሷ ንጉሥ ስር ቀጠለች። በረንዳው ላይ ቆሜ ሂርማታን ፈለግኩት። ነጋዴ ከሩቅ እየመጣ የሚገናኝበት ገበያ እዚያ ታች ነበር። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ኮረሪማ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህንን መዝለል አይገባም። የጅማ ሀብት ሲወራ የእነዚያ ሰዎች ዕጣ አብሮ መወራት አለበት። ሉዊስ አልዘለለውም፤ ለዚህም አከብረዋለሁ።

ሦስተኛው ቀን አጋሮ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቡናቸው መሃል ተቀብለው አስቀመጡኝ። ከላይ ዋንዛ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብርብራ አለ። ቡናው ከጥላው ስር ነው። «ይቺ ሰባ አራት አንድ አሥር ናት» አሉኝ አንዷን እግር በእጃቸው ዳበስ አድርገው።

«አባባ፣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የመልኮ ምርምር ማዕከል ሰዎች የሰጡን ዘር ነው። ቁጥሩን እነሱ ያውቃሉ።»

እኔም ያነበብኩትን አጫወትኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል። «አዎ፣ አስታውሳለሁ! ያኔ አባቴ ቡናውን ነቅለን በቆሎ እንዝራ ብሎ ነበር» አሉ። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚችል ቡና ፍለጋ ወደ ጫካ ገቡ። 74110 የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ሰባ አራቱ ዓመቱን ያመለክታል። እናት ዛፉ የተገኘው መቱ አካባቢ ነው። ጫካው ባይኖር የሚመረጥ ቡና አይኖርም ነበር። ይህ ታሪክ የኢኮኖሚ ነው? የአካባቢ? እኔ እንጃ፤ ሽማግሌው ግን ጓሯቸው ውስጥ ሁለቱንም አንድ ላይ ተክለውታል።

አቦሉ ተቀድቶ ስንጠጣ መጽሐፉን ተቀበሉኝ። ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ካርታው ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«በምን ቋንቋ ነው?»

«በእንግሊዝኛ ነው።»

ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የአያታቸው ዘመን፣ የመንደራቸው ሹም አባ ገንዳ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ኦሮምኛ ያነባሉ፣ አማርኛም ያነባሉ። ያ መጽሐፍ ግን ተዘግቶባቸዋል። ይህን መተርጎም ከባድ አይደለም እኮ! ቡናውን ለዓለም የሚያቀርብ አገር ስለ ራሱ የተጻፈውን ለገበሬው ልጆች በቋንቋቸው ማቅረብ አያቅተውም።

«እንግዲያው አንተ አንብብልኝ» አሉኝ በመጨረሻ።

ስለ ኬላው ያለውን ገጽ አወጣሁና ቀስ እያልኩ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አባ ኬላ የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ወደ ቤቱ ዞር ብለው የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ። ጀንፈል ስትገላብጥ የነበረች የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ነይ ቁጭ በይ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጀምርልን።»