ሽፍታው በ10ኛው ቀን

ዛሬ እህቴን ይዤ ከጠዋት ጀምሮ ሐኪም ቤት ዋልኩ። ኤችአይቪ በደሟ ከተገኘ ወር አልሞላትም። ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቷ ጋር ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል በጀመረች በ10ኛው ቀን ገላዋ ሽፍታ ለበሰ፤ ሌሊቱን ሲያሳክካት አደረ። አክስታችን «ደምሽን እያጠራልሽ ነው፣ ቻይው ልጄ» ስትላት እኔም ዝም አልኩ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ እንደ ኮትሪሞክሳዞል ሰልፋ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ አለርጂ እንደሚያስነሳ ነገረን። አፏንና ዓይኗን ደጋግሞ አየ። እዚያ ቁስል ቢያገኝ፣ ቆዳዋም ውሃ ቢቋጥር ለሕይወቷ ያሰጋ ነበር። ኮትሪሞክሳዞሉን አስቆማት፤ ፀረ ኤችአይቪውን ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አስጠነቀቃት።

ስንመለስ ጣና ዳር ዘንባባ ሥር ተቀመጥን። «ሁሉንም ልጥለው ነበር እኮ» አለችኝ። ይህንንም ጻፊው ያለችኝ እሷው ናት።