ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው?

በማስተርስ ደረጃ የባህርይ ኢኮኖሚክስን (ሰዎች በእውን እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚወስኑ የሚያጠናውን ዘርፍ) እና አስተዳደርን አጣምሬ ስማር ከሁሉ አብልጦ የያዘኝ ጥያቄ፣ ሰው ራሱ ሳይመርጥ ሲቀር የሚጸናበትን ምርጫ የሚያዘጋጀው ማን ነው የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ከሚያገኘው ትርፍ ይልቅ ተመጣጣኙ ኪሳራ እንደሚከብደው አሳይተዋል፤ ያለውን ትቶ ሌላ መምረጥም እንደ ኪሳራ ሊሰማው ስለሚችል፣ ሰው በተዘጋጀለት ምርጫ መጽናት ይቀናዋል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ሠራተኞች ካልፈለጉ የመውጣት መብታቸው ተጠብቆ፣ አሠሪዎቻቸው ወደ ጡረታ ቁጠባ እንዲያስገቧቸው በማድረጓ፣ ራሳቸው ይመዝገቡ ቢባል ዛሬ ነገ ሲሉ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ ሚሊዮኖች ቆጣቢዎች ሆነዋል። ውጤቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ባለሥልጣንም እንደ ማንኛችን የሚቸኩልና የሚሳሳት ሰው በመሆኑ፣ ለሌሎች ያዘጋጀውን ምርጫ የሚመረምር ምክር ቤት፣ ኦዲተርና ግልጽ መረጃ የግድ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። በአገራችን እቁብ (ስለ ቁጠባ በተነሳ ቁጥር የማስበው እርሱን ነው) ገንዘብ ለዕለት ፍላጎት እንዳይባክን የሚያስር ግዴታ ቢሆንም፣ ደንቡን የሚያወጡትና ዳኛውንና ጸሐፊውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ የጋራ ሀብት ተጠቃሚዎች በራሳቸው ደንብ ሊያስተዳድሩት እንደሚችሉ ስላሳዩ፣ በመመረቂያ ጽሑፌ ሁለቱን ዘርፎች የማገናኘው በዚሁ በኩል ነው።