የስካይሪምን ጥሩር ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ሠራሁት

ቀንዱ ነው ጣጣ ያመጣው።

ጓሮ ቁጭ ብዬ ራስ ቁሩን ቀለም እቀባለሁ። የደረቱን ልለካው ብዬ ለብሼዋለሁ። የነፍስ አባታችን እማዬን ሊጠይቁ መጡ። በሩ ላይ ቆም አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጥሩር ነው?»

«አዎ አባ።»

«ደግ። ጳውሎስም የጽድቅን ጥሩር ልበሱ፣ የመዳንን ራስ ቁር ያዙ ይላል።» ትንሽ ዝም አሉ። «ቀንድ ያለው ግን አይልም።»

እማዬ ከውስጥ ሰምታ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ጌም ለአባ ማስረዳት ጀመርኩ። አልተሳካልኝም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

ስካይሪም የአሜሪካኖቹ የጌም ኩባንያ ቤተስዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጌም ነው። በረዷማ የሰሜን አገር ውስጥ እየዞሩ ዘንዶ መግደል ነው፣ በአጭሩ። ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚታየው ጀግና ሁለት ቀንድ ያለው የብረት ራስ ቁር አድርጓል። ጌሙ ስላረጀ እንደኔ ዓይነት ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ሆኖ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጣት ቆፈን ይዞት ለሚጫወተው ሰው ደግሞ ደብረ ብርሃንን አይተው የሠሩት ነው የሚመስለው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደወለልኝ። ከጥምቀት በኋላ የጌምና የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አፍቃሪዎች የሚገናኙበት ዝግጅት አለ፣ ኮስፕሌይ ሠርተህ ና አለኝ። ኮስፕሌይ የሚባለው የጌም ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይን ልብስ አዘጋጅቶ እሱን መምሰል ነው። ከሁለት ወር በላይ አለኝ። ጊዜው የትየለሌ መሰለኝ።

ዩቲዩብ ከፈትኩ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ኢቫ ፎም፣ ኮንታክት ሲሚንት፣ ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ)። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እነዚህን ስፈልግ ፈጀሁ። በየሱቁ እየገባሁ «ኢቫ ፎም አለ?» እላለሁ። «ፎም? የፍራሽ ነው?» ይሉኛል። አንዱማ ስፖንጅ ሸጠልኝ። ስፖንጁ የድመታችን መኝታ ሆነ።

ነገሩ የተገኘው ጫማዬ ሲገነጠል ነው። ሶሉን ላስለጥፍ ጫማ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ከኋላቸው ከተጠቀለለ ጥቁር ንጣፍ ላይ ቁራጭ ቆረጡ። ከጣሳ ማስቲሽ አውጥተው ሁለቱንም ወገን ቀቡና አስቀመጡት። እስኪደርቅ ሌላ ጫማ አነሱ። እኔ እጄን ሰደድ አድርጌ ንጣፉን ጫን አልኩት። ይሰረጉድና ቀስ ብሎ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሶል ነዋ።»

«ማለቴ፣ ስሙ?»

«ኢቫ።»

እዛው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮንታክት ሲሚንት የሚሉትም ለካ ያው ማስቲሽ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ የፈለግኩት ነገር እግሬ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስፈልግ ስሙን አልጠራም። ምን እንደሚያደርግልኝ ነው የምናገረው።

ልኩን እህቴ ናት የወሰደችልኝ። ደረቴንና ትከሻዬን በፌስታል ጠቀለለችኝ። በላዩ ላይ ፕላስተር እየዞረች ለጠፈች። ከዚያ የጥሩሩን መስመር በእስክሪብቶ ሣለችበትና በመቀስ ቀዳ አወጣችኝ። የወጣውን ልጣጭ በየመስመሩ ስንቆራርጠው ጠፍጣፋ ቅድ ሆነ። እሱን ካርቶን ላይ፣ ከካርቶኑ ኢቫው ላይ ገለበጥነው። ዘዴው ግሩም ነው። እኔ ግን ያን ቀን ለብሼ የነበረው ቲሸርት ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ደብረ ብርሃን፣ በቲሸርት ማን ይሄዳል? ሹራቤን ደርቤ ልለብሰው ስል አልዘጋ አለ። የጎኑን እንዳለ እንደገና ቆረጥኩ።

አሁን ወደ እሳቱ። ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው።

ኢቫ ሲሞቅ ይለሰልሳል። እንደለሰለሰ አጉብጠው ይዘው ካቀዘቀዙት እንደጎበጠ ይቀራል። ሙቀቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹንም ይደፍንለታል፤ ያለዚያ ቀለሙን እንደ ደረቅ መሬት ይመጠዋል። ሂት ገን የለኝም። የእህቴን የጸጉር ፎን ሞከርኩ፤ ሞቅ ከማድረግ አላለፈም። አንድ እሑድ ግን እማዬ ቡና አፍልታ፣ በረካው እየተቀዳ፣ ዓይኔ ከሰሉ ላይ አረፈ። ቁራጭ ኢቫ አመጣሁና ከላዩ ያዝኩት። ጠርዙ ቀስ ብሎ ዘመም አለ።

ነገሩ ከሰሉ የትኛው ቡና ላይ እንደደረሰ ማወቅ ነው። ለአቦል የተያያዘ ከሰል ገና ይፈናጠራል፣ ኢቫውን ያሳርረዋል። በረካ ላይ ሲደርስ አመድ ይለብሳል። ልኩ እሱ ነው። ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ፣ እጄን ሳላሳርፍ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰዋለሁ። ፊቱ ወዛ ሲል ቶሎ አንስቼ የተገለበጠ ጎላ ድስት ላይ እደፋውና በጋቢ ጠቅልዬ እጫነዋለሁ። ሃያ ስቆጥር ትከሻ ሆኖ ይነሳል። የመጀመሪያውን አቃጥዬዋለሁ። ሽታው አይጣል ነው። «ከቡናዬ ላይ ዞር በልልኝ!» ተብዬ ወደ ጓሮ ተሰደድኩ። እውነቷን ነው፤ ጭሱ ቤት ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ማስቲሹ ግን አሳበደኝ። ሁለቱንም ወገን መቀባት፣ ጣት ላይ አልጣበቅ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ ማገናኘት ነው። አንዴ ከነካ አይላቀቅም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ቀን ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ ግን ቀን ሥራ አለብኝ፣ የምለጥፈው ማታ ነው። በዚያ ውርጭ ግማሽ ሰዓትም ጠብቄ እርጥብ ነው። ትዕግሥቴ ሲያልቅ እንዳለ አጣበቅኩት። ይባስ ብዬ ብርዱን ፈርቼ በሩን ዘግቻለሁ። ራሴን ዞረኝ፣ አስታወከኝ። ማስቲሽ ሜዳ ላይ የሚሠራበት ነገር ነው። ቶሎ እሳት ስለሚይዝ ከሰል ካለበት ደግሞ ጣሳው መከፈት የለበትም። የኔ ነገር፣ ሁለቱንም አንድ ቤት ውስጥ ነበር የማደርገው።

ስቱኮውን በአጭሩ ልናገር፣ ያሳፍረኛል። መገጣጠሚያው እንዳይታይ የመኪና ቀለም ቀቢ ጋ ሄጄ ስቱኮ ለመንኩ። «ወንድሜ፣ ይሄ ለቆርቆሮ ነው። የሚተጣጠፍ ነገር ላይ አይሆንም» አለኝ። እሺ ብዬው ወስጄ ቀባሁት። ሲደርቅ መስታወት መሰለ። ለብሼው ጎንበስ ስል እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ልኩ ሌላ ነበር። ኮላ በትንሽ ውኃ አቅጥኖ አራት ጊዜ መቀባት። በላዩ ጥቁር ቀለም። በጥቁሩ ላይ የብር ቀለም፣ ግን በብሩሽ ሳይሆን በስፖንጅ ጫን ጫን እያደረጉ። አዎ፣ ከድመቷ መኝታ ቆረጥኩ። የመጨረሻው ነገር ጥላሸት ነው። ከድስት ሥር ጠርጌ በጣቴ ስርጉዱ ሁሉ ውስጥ አሸሁትና ቨርኒሽ ደረብኩበት። ብረቱ በአንድ ጊዜ መቶ ዓመት አረጀ። ለዚህ ተብሎ ውጭ የሚሸጠውን ውድ ቀለም ከንግዲህ ማን ያየዋል።

ቀንዱን መጀመሪያ እውነተኛ ላድርገው ብዬ ነበር። ዋንጫ የሚሠራበት አገር ልጅ ሆኜ ቀንድ ከሶል ልቁረጥ? ሁለት የበሬ ቀንድ ገዛሁ፣ ቀቀልኩ፣ አጠብኩ። ራስ ቁሩ ላይ አስሬ ባደርገው ወደ ኋላ ይዞኝ ሊወድቅ። አንገቴ ሦስት ቀን ታመመ። ኢቫው ይሻላል። ለአንድ ቀንድ አምስት ረጃጅም ቅጠል ይቆረጣል። በውስጥ በኩል የሚውለው አጠር፣ በውጭ የሚውለው ረዘም ማለት አለበት። ጎን ለጎን ሲለጠፉ አጭሩ ይስበውና ራሱ ይቆለመማል። ውስጡን በጋዜጣ ሞላሁት።

ብዙ ያልደከምኩበት አጎዛው ነው። የቅዳሜ ገበያ ላይ የመንዝ በግ አጎዛ ገዛሁና ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። በቃ። ውጭ ያሉት ሰው ሠራሽ ጸጉር ሲያበጥሩ ያድራሉ። ማሰሪያውን ኮርቻ ሠሪ ጋ ሄጄ በጠፍርና በዘለበት አሠራሁ። ሰውየው ጥሩሩን አንስተው ደረቴ ላይ አደረጉና «ጭነቱን ትከሻ ላይ ብቻ ካዋልከው ያቆስልሃል፣ ፈረስም እንዲሁ ነው» አሉ። ከወገቤ ላይ ሁለት ጠፍር ጨመሩልኝ፣ ከትከሻው ሥር ሱፍ አስገቡ። ይሄን ምክር አንዱም ቪዲዮ ላይ አልሰማሁም።

እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩሩና ትከሻዎቹ በካርቶን ታሽገው ፖርቶመጋላ ላይ ወጡ። ራስ ቁሩ ግን ቀንዱን ስለለጠፍኩት ካርቶን አይገባም። በብሎን አድርጌው ቢሆን ይፈታ ነበር። ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ረዳቱ አየውና «ወንድም፣ ቀንዱም ይከፍላል» አለ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። የእውነቱን ነበር፣ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

አዳራሹ በር ላይ ካርቶኑን ስከፍት የግራ ትከሻዬ ለሁለት ተከፍሏል። መንገዱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር፣ ማስቲሹ ለሰለሰ። የሚገርመው ቀን የለጠፍኩት ሁሉ ደህና ነው። የተላቀቀው ያ በውርጭ፣ ሳይደርቅ ያጣበቅኩት ብቻ። ደግነቱ ትንሽ ማስቲሽ፣ ወስፌና ክር ይዤ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። ለመልበስ ደግሞ አርባ ደቂቃ፤ ያውም የአክስቴ ልጅ እያሰረልኝ።

ከዚያ በኋላ ደስ ይል ነበር። ሰው ፎቶ ለመነሳት ተሰለፈ። አንድ ሕፃን ጠጋ ብሎ «በሬ ነህ?» አለኝ። ብቻ አልቀመጥም። የደረቱን እስከ ጭኔ ድረስ አንድ ወጥ አድርጌ ስለሠራሁት ቁጭ ስል አገጬን ይገፋኛል። አምስት ሰዓት ቆሜ ዋልኩ። ከወገብ በታች ያለው እንደ ቆርቆሮ ክዳን እየተደራረበ የሚሄድ መሆን ነበረበት። ቤት ሳለሁ ለብሼው መስታወት ፊት ቆሜያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ወንበር ላይ አልሞከርኩትም። አጎዛውም ለደብረ ብርሃን እንጂ ሰው ለሞላው አዳራሽ አይደለም። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ስመለስ ጥሩሩን ይዤ ጫማ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ላሳያቸው ቃል ገብቼ ነበር። ቀንዱን አላዩትም፣ አጎዛውንም አልነኩም። የግራውን ትከሻ አንስተው ገለበጡት። የሰፋሁትን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን ማታ ነው የለጠፍከው» አሉ።