የጠፋው ኪሎ

ባሕር ዳር ፍሪዘር እጠግናለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሐይቁ ዳር ያሉ ዓሣ ነጋዴዎች ናቸው። ባለፈው አንዲት እትዬ "ቶሎ ድረስልኝ" ብለው ደወሉ። ስደርስ ግን ወሬያቸው ስለ ፍሪዘሩ ሳይሆን ስለ ሠራተኛቸው ነው። ለሆቴል ያስቀመጡት የቆሮሶ ፊሌቶ ሲመዘን ኪሎው ቀንሷል። "ተቆልፎበት ዓሣ ይከሳል እንዴ?" ይላሉ። ልጁ ጥግ ይዞ ዝም ብሏል።

ዓሣው ሳይሸፈን ነው የተደረደረው፤ ዳር ዳሩ ነጥቶ ደርቋል። የውስጡን ክዳን ስፈታ ኮይሉ፣ ማለትም ፍሪዘሩን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ፣ በአመዳይ ተደፍኗል። የዲፍሮስቱ ሂተር ስለተቃጠለ አመዳዩ ሳይቀልጥ ሲከመር ከርሟል።

"እትዬ፣ ኪሎው እዚህ ነው ያለው" አልኳቸው።

በረዶ ሳይቀልጥም ይተናል። ከዓሣው በጥቂት በጥቂቱ የሚነሳው እንፋሎት ፍሪዘሩ ውስጥ ሲዞር ይቆይና ከሁሉ በላይ የቀዘቀዘው ቦታ፣ ማለትም ኮይሉ፣ ይዞ ያስቀረዋል። አመዳዩ ሁሉ ከዓሣው መጣ ማለቴ አይደለም፤ የበሩ ጎማ ተቀዶ የጣና እርጥብ አየርም ሲገባ ነበር።

ይሄኔ ልጁ አፉን ፈታ። "ጨረቃ ላይ ያለው በረዶም እንዲህ ነው የሚጠራቀመው።"

"ኪሎዬን ስልህ ጨረቃ ትወጣለህ?" አሉት።

ልጁ ግን እውነቱን ነው። ጨረቃ ላይ ውሃው ከኮሜትና ከአስትሮይድ ይመጣል፤ ከፀሐይ የሚነፍሰው ሃይድሮጅንም ከድንጋዩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ጥቂት ይፈጥራል። አየር ስለሌለ የውሃዋ ሞለኪውል ከሞቀው መሬት ተነስታ ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትዘላለች። ብዙዎቹ በፀሐይ ብርሃን ተሰባብረው ይጠፋሉ። ዋልታ አካባቢ ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶች የወደቀችው ግን እዚያው ትቀራለች። የጨረቃ ዘንግ ያዘነበለው 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የአንዳንዶቹ ወለል ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ከሞቀው አፋፍ ሙቀት ይዞ የሚወርድ አየርም የለም። አንዳንዱ ቦታ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ላይ በረዶ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል። የእኛ ፍሪዘር እኮ ከዜሮ በታች 18 ነው!

እትዬ ኪሎ ካልተጠራ አይሰሙም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 ናሳ ሆን ብሎ የሮኬት ክፍል ካቤየስ ከሚባለው ጉድጓድ ጋር እንዳጋጨ፣ ከተነሳው ብናኝም ወደ 155 ኪሎ ግራም የሚገመት ውሃ እንደታየ ነገርኳቸው።

"ማን መዘነው?"

በብርሃን ነው የተለካው፤ እሱን ማስረዳት ግን ቀኑን ይፈጅብኝ ነበር። ልጁ ወደ ሜርኩሪ አለፈ። ቀን ቀን 430 ዲግሪ በሚደርስባት ፕላኔት ዋልታ ላይ በረዶ አለ ሲላቸው በሹፈት አዩት። እ.ኤ.አ. በ1991 በራዳር ፍንጩ ታየ፣ በ2012 ሜሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር አረጋገጠችው። አብዛኛው ከላይ ጥቁር ነገር ለብሷል፤ ልባሱ ከሙቀት ይከልለዋል።

ለዓሣውም መድኃኒቱ ልባስ ነው። የቀረውን ፊሌቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር እያደረግን ስስ በረዶ አለበስነው፣ ከዚያ በፌስታል ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ሂተሩንም ጎማውንም ቀየርኩ።

እትዬ ልጁን ይቅርታ ሲሉት አልሰማሁም። ስለ ሜርኩሪም ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። የጎማው ዋጋ ላይ ግን ክርክሩ እስኪመሽ ዘለቀ።