ጆሮዬ እየጮኸ እንቅልፍ ለሰጠኝ አምላክ
በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንዲት ሌሊት ሙሉ ከተኛሁ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ተስዬ ነበርና፣ ስለቴን ለመፈጸም ይህን እጽፋለሁ። አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ግን ጆሮዬ ዛሬም የሚጮኽ መሆኑን ነው። ይህን ደብቄ ብመሰክር ቃሌ ሐሰት ይሆናል፤ በዚሁ ሕመም የምትሠቃይ እኅቴም የእርሷ ጸሎት ብቻ ሳይሰማ የቀረ መስሏት ተስፋ ትቆርጣለች።

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ 17 ዓመት በወረቀት ማጠፊያ ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። አጠገቤ ከምትሠራው ጓደኛዬ ጋር የምንግባባው በጩኸት ወይም በእጅ ምልክት ነበር፤ የጆሮ መከላከያ የሰጠን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ባለበት አንድ ምሽት፣ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ቆጣሪው ነው ብዬ ወጥቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ መብራት አለመኖሩ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጄን ቀስቅሼ ይሰማት እንደሆነ ብጠይቃት «ምኑ እማዬ?» አለችኝ። ድምፁ ከራሴ ውስጥ የሚወጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከጎረቤቶቼ አንዷ ጆሮ ሲጮኽ ሰው ስምሽን እያነሣ ነው አለችኝ፤ መተት ነው ያለችም አልጠፋችም። እኔም በየሌሊቱ ማን ምን እንዳደረገብኝ ስመረምር አነጋ ጀመር። የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ አወጣሁ፣ ማቀዝቀዣውን ነቀልኩ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፤ ጸጥታው በበረታ ቁጥር ፉጨቱ ይብሱን ጎላ። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እየተኛሁ ከሁለት ወር በላይ ቆየሁ። የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ ሰጥቶ፣ መድኃኒት ስለሌለው ልመጂው ብሎ አሰናበተኝ፤ ያን ቀን እስከ ፒያሳ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። የተነገረኝ ነገር ውሸት አለመሆኑን ኋላ ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚለመድ ሳይነግሩ ልመጂው ማለት የተጨነቀን ሰው በር ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው።

ወር በገባ በ23 ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ባለው በዚያ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ድምፅ አርቅልኝ እል ነበር። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ስነግራቸው ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቂ ብለው ያበቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝና «ልጄ፣ ጠበሉንም ጠጪ፣ ጸሎትሽንም አታቋርጪ፤ የጆሮ ሐኪም ሳያይሽ ግን እኔ መንፈስ ነው አልልሽም» አሉኝ። ለጸሎቴ የመጀመሪያው መልስ የተሰጠኝ በዚያች ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

የጆሮ ስፔሻሊስቷ ጊዜ ወስዳ ጠየቀችኝ፦ ድምፁ በአንድ ጆሮ ነው ወይስ በሁለቱም፣ እንደ ልብ ትርታ ይመታል ወይ፣ ያዞርሻል ወይ፣ እንደ ጀንታማይሲን ያለ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መርፌ ተወግተሻል ወይ፣ አስፕሪን ታበዢያለሽ ወይ? ጆሮዬን በመብራት አይታ ኩክ እንዳልደፈነው አረጋገጠች። ከዚያም ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል አስቀምጣ የመስማት ምርመራ አደረገችልኝ። የመስማት አቅሜን በሚያሳየው ወረቀት ላይ መስመሩ ደህና መጥቶ ቀጭን ድምፅ በሆነው 4000 ሄርዝ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ወርዷል፤ ለረጅም ጊዜ በማሽን ጩኸት የተጎዳ ጆሮ ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚያሳይ ነገረችኝ። በውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ክፍል ውስጥ 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ፤ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል ከእነርሱ ይመጣለት የነበረው ድምፅ ሲቀርበት፣ ጣቢያው የራቀበት ሰው የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ መስሚያውን ያጎላዋል፤ ያን ጊዜ የራሱን ድምፅ ይሰማል። ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ ድምፁን እንደ አደጋ ቆጥሮ ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። ይህን ስሰማ ስንት ሌሊት የጠረጠርኳቸው ጎረቤቶቼ ፊት ለፊቴ መጥተው አፈርኩ፤ በማግስቱ ንስሐ ገባሁ።

ጥጡን እንድተው፣ በጸጥታ ውስጥ እንዳልቀመጥ፣ ማታም ሬዲዮኔን ጣቢያ በማይገባበት፣ ሹ ብቻ በሚልበት መስመር ላይ አድርጌ ከፉጨቱ ጥቂት ዝቅ ባለ ድምፅ እንድከፍተው አዘዘችኝ። ፉጨቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን እንደሌለበት አጥብቃ ተናግራለች፤ አንጎል የሚለምደው እየሰማው ነውና። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ከአልጋ እንድነሣ፣ «ይህ ድምፅ ያጠፋኛል» የሚለው ሐሳብ በመጣ ቁጥርም እውነት መሆኑን እንድመረምረው አስተማረችኝ። ለሥራ ቦታም የጆሮ መሸፈኛ ገዛሁ፤ የድምፅ ኃይል በሚለካበት በዴሲቤል 85 የደረሰ ጩኸት ያለ መከላከያ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመከራል፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል።

ወራት ፈጅቷል፤ በአንድ ቀን ተፈወስኩ አልልም። በጥቅምት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ግን ሬዲዮኔን ከፍቼ፣ ዳዊቴን ይዤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አርቅልኝ ማለቱን ተውኩና «ፍርሃቴን አርቅልኝ» ብዬ ለመንኩ። የነቃሁት የቅዳሴ ደወል ሲደወል ነው። ዳዊቱ ደረቴ ላይ ነበር። ቅዳሴ ቆሜ፣ ጠበል ጠጥቼ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከጠዋት ጀምሮ ፉጨቱን አንዴም ፈልጌው እንደማላውቅ ልብ አልኩ፤ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አማተብኩ።

በአንድ ጆሮው ብቻ የሚጮኽበት፣ ወይም ከልብ ትርታው ጋር የሚመታበት ሰው ምርመራውን አያዘግይ። በድንገት መስማት ያቆመ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሕክምናው በዘገየ መጠን የመዳን ዕድሉ ይቀንሳልና። ጠበሉ ከሐኪሙ አይከለክለውም፤ እኔን የላኩኝ ካህን ናቸው።

አሁን ማታ ማታ ሬዲዮኔን እከፍታለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ይወስደኛል።