የባሕር ዛፉ ቅጠልና 20 የጎመን ዘር፦ የክበባችን ጓሮ አምስተኛ ወር

መስከረም ላይ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች ጋር የጀመርነው የጓሮ አትክልት አምስተኛ ወሩን ያዘ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና መውረጃ ላይ ነን። ከቤተ ሙከራው ጀርባ የተሰባበረ ዴስክ ሲጣልበት የኖረ ጠባብ መሬት አግኝተን ነው የጀመርነው። ቆስጣው ደህና ነው፤ ካሮቱ ገና ነው። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ግን የኮምፖስቱን ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ክምር ከሸፈብን። በግቢያችን የሞላው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ልጆቹ የጠረጉትን ሁሉ ከመሩት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስንገልጠው ቅጠሉ እንዳለ ነው፣ ሽታውም አልለቀቀም። ደረቅ ቅጠል ብቻውን ቶሎ እንደማይበሰብስ እያወቅሁ እርጥብ ነገር መጨመራቸውን አልተከታተልሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያኔ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ቅጠሉ ራሱ ሌላ ተክል ይጎዳ ይሆን?» አለችኝ። መልሱን ከምነግራት ብንሞክረው ይሻላል ብዬ ሁለት ሳህን ላይ ሶፍት አነጠፍን፤ በእያንዳንዱ 20 የጎመን ዘር። አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ቅጠሉ ተዘፍዝፎበት ባደረ ውኃ አራስነው። በአምስተኛው ቀን በንጹሑ 17 በቀለ፣ በሌላው 6 ብቻ፤ የ6ቱም ሥር አጭር፣ ጫፉ ቡናማ ነበር።

ልጆቹ ወዲያው «ዛፉ ይቆረጥ!» አሉ። በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከርን። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ከተማዋ ማገዶ ስላጣች ነው፤ አጣናውም እስከ ዛሬ ቤት ይሠራል። መቁረጡን ተዉት፤ ቅጠሉ ግን ለብቻው እንዲከመር ተስማሙ።

ሁለተኛውን ክምር ኅዳር ላይ ጀመርን፦ ደረቅ ሣር፣ ከየቤታቸው የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ወተት ከሚሸጡ አንዲት እናት ያገኘነው እበት፣ በንብርብር። መሃሉ ላይ ዱላ ሰካን። በአራተኛው ቀን አንዱ ልጅ መዝዞ ጫፉን ጨበጠና ቶሎ ለቀቀው። «እሳት ሳይኖር?» አለ። ሙቀቱ ክምሩን ከሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ትንፈሳ የሚመጣ ነው፤ ይህንኑ ትንፈሳ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈኑት፤ ሲሸት ደረቅ ይጨምራሉ፣ ዱላው ሲቀዘቅዝ ያገላብጣሉ።

አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተማሪዎቻችን በክረምት መትከልን ለምደዋል። በበጋ ተመላልሶ ማጠጣት ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣበት ቀን ጀሪካን የሚሞላ ተረኛ መድበናል።

ክምሩ አሁን ጠቁሯል፣ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ሰኞ ከእሱ ዘፍዝፈን በዚያው በሳህን እንፈትነዋለን። 20ው ዘር ተቆጥሮ ተቀምጧል።