በበዓለ ሃምሳ የተጀመረ የሥጋ ማዕድ

ሐኪሙ የምርመራዬን ውጤት ሲነግረኝ የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሬ 117፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 6.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የስኳር በሽታ ነው የሚባለው የመጀመሪያው 126፣ ሁለተኛው 6.5 ሲደርስ በመሆኑ እኔ ገና በሽተኛ አልተባልኩም። ይሁን እንጂ አባታችንን ያጣነው በዚሁ በሽታ ጠንቅ ስለሆነና ታላቅ እህቴም ለዓመታት ክኒን ስትውጥ የኖረች ስለሆነች፣ «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚለው አነጋገር በእኛ ቤት ማንንም አያጽናናም።

እህልንና ስኳርን ቀንሶ ሥጋንና ቅባትን ስለማብዛት የሚሰጠውን ምክር ከዚያ በፊትም እሰማ ነበር። አሳቡ ውስብስብ አይደለም። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ሩዙም በመጨረሻ ወደ ደም የሚገባው ስኳር ሆኖ ነው፤ ያንን ስኳር ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን ደግሞ ሰውነት እየለመደው ሲሄድ ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚገባውን መቀነስ ነው ይላሉ። ነገሩ የትናንት ፈጠራም አይደለም፤ ዛሬ ኪቶ የሚባለውን አመጋገብ ዶክተር ራስል ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ያቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ይሆናል ብሎ ነበር። ውፍረትና የደም ስኳር ወደ ወሬው የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ጊዜውን የመረጥኩት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም፣ ኦርቶዶክሳዊ የሆነ ሰው ሳያቋርጥ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ እየበላ የሰውነቱን ለውጥ ልመልከት ቢል ከዓመቱ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ወቅት አያገኝም። ባለቤቴ አሳቤን ስነግራት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጤናዬ ሳይሆን ስለ ሥጋው ዋጋ ነበር፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነበር። ለእኔ ጥብስ፣ ለልጆቹ ፓስታ ለየብቻ መሥራት ሲሰለቻት ደግሞ፣ «አቦ፣ እኔ ለሁለት ሃይማኖት ነው እንዴ የማበስለው?» ትለኝ ጀመር።

ምን እንደምተው ለማወቅ ምን እበላ እንደነበር መመልከት ነበረብኝ፤ ከጠቅላላው ነገር የጠቀመኝም ይህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ድሬዳዋ ውስጥ ያደገ ሰው ጠዋት ፈጢራ በእንቁላል ወይም በማር ይበላል፣ ሻዩን በስኳር አጣፍጦ ይጠጣል፤ ምሳው ሩዝ ወይም ፓስታ ነው፣ ሥጋ ቢኖርበትም ከላይ ጣል የተደረገ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከተቀመጠ ለጫቱ ምሬት ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርብለታል፤ ማታ እንጀራ በወጥ ይከተላል። በመካከሉ ሳምቡሳውን፣ ሙሸበኩንና ሐልዋውን አልቆጠርኩም። እኔ ጫት የተውኩ ብሆንም ከወዳጆቼ ጋር መቀመጡን አልተውኩም ነበርና፣ የማልቅመው ሰው ከሚቅሙት ይልቅ ለስላሳ እጠጣ ነበር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ሲሆን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው ብለን ብናሰላው ከሰባት ማንኪያ ይበልጣል። እንጀራን በተመለከተ፣ ጤፍ ብረትም፣ ካልሲየምም፣ አሰርም ያለው መልካም እህል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከ100 ግራም ዱቄቱ ውስጥ ግን ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ ሩዝ ወይም ማሽላ የማይቀላቀልበት እንጀራ ማግኘት ራሱ ዕድል ሆኗል።

በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቴ በፍጥነት ወረደ፤ ይህ ግን ስብ እንዳልሆነ አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር አልተደነቅሁበትም። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት እያንዳንዱ ግራሙ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውኃ ይዞ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ክምችቱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል። የከበደኝ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውን ይዞ ማቆየቱን ትቶ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። የአመጋገቡ ምክር የተጻፈው ደግሞ ብርድ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። በግንቦት ሙቀት ከከዚራ እስከ ቀፊራ ገበያ በእግሩ የሚሄድ የድሬዳዋ ሰው በላብ የሚያጣው ጨው በዚያ ላይ ሲደመር ምን እንደሚሆን የነገረኝ አልነበረም። ራሴን ያመኝ፣ ከመቀመጫዬ ስነሣ ዓይኔ ይጨልም፣ ሌሊት ባቴን ይሸመቅቀኝ ነበር። ድካሙን ለስንፍና ወይም ለስኳር ሱስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ጨው ጠንከር ያለበት የቅልጥም መረቅ ጠዋትና ማታ መጠጣት ስጀምር ነገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀቀኝ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን በራሱ ፈቃድ እንዳያደርገው ሐኪሙ በኋላ አሳስቦኛል።

ሌላው ያልጠበቅሁት ነገር የሥጋው ዓይነት ነው። ካናዳ የተወለደው የበረዶ አገር ተጓዥ ቪልያልሙር ስቴፋንሰን እ.ኤ.አ. በ1928 በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ገብቶ በሐኪሞች ቁጥጥር ሥር ሥጋ ብቻ ሲበላ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ ብቻ ስለተሰጠው ታምሞ ነበር፤ የተሻለው ስቡ ሲጨመርለት ነው። በዚያ አመጋገብ ውስጥ አብዛኛው የሰውነት ኃይል የሚገኘው ከሥጋው ሳይሆን ከስቡ ነው። የቆላው ፍየላችን ግን ከሲታ ነው፤ ጣዕሙ እንጂ ጮማው የለም። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሄጄ ጮማ ያለበት የበሬ ሥጋ ስጠይቅ ባለ ልኳንዳው ድግስ ያለብኝ መስሎት ነበር። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ራሱ ጥቁር የሆነውን የሱማሌ በግ ነው፤ ላቱ ከቀለጠ በኋላ ለብዙ ቀን መጥበሻ ይበቃል። ጥሬ ሥጋ እንድበላ የመከሩኝም ነበሩ፤ ፈረንጆቹ ስለ ጥሬ ሥጋ ጥቅም አብዝተው የሚጽፉት ኮሶ የሚባለውን ነገር ስለማያውቁት ይመስለኛል። እኔ ሁሉንም አብስዬ በላሁ።

ይህን አመጋገብ የሚያወድሱ ሰዎች አርብቶ አደሮችን ለምስክርነት መጥራት ይወዳሉ፤ የኬንያና የታንዛኒያ ማሳዮች ሥጋና ወተት ብቻ እየበሉ ጤነኛ ነበሩ ይላሉ። ለዚህ ደግሞ እኔ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ጎረቤታችን ሐጂ በልጅነቱ ከሺኒሌ ወዲያ ግመል ሲጠብቅ ያደገ ነው። የምበላውን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ግመል ያለው ሰው ግመሉን አርዶ ይጨርሳል እንዴ? ሥጋማ እንግዳ ሲመጣ ነው፣ ሠርግ ሲሆን ነው፣ ዒድ ነው። ምግባችን ወተት ነበር፤ በበጋ ወተቱ ሲነጥፍ ደግሞ ማሽላና በቆሎ በፍየል ለውጠን እንበላለን» አለኝ። ወተት ደግሞ ስኳር አለበት፤ በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ከ45 ግራም ያላነሰ የወተት ስኳር ይገኛል፤ የግመሉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመሆኑም ሥጋ ብቻ ብሉ የሚሉት ሰዎች በምስክርነት የሚጠሩት ሕዝብ እነሱ ከሚከለክሉት ነገር በሊትር እየጠጣ የኖረ ነው። ያ እረኛ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይሄድ እንደነበርም አይነሣም። ሐጂ አሁን ልጆቹ የሚበሉት በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ሩዝና ፓስታ መሆኑን፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹም ስኳር እንደያዛቸው ጨምሮ ነገረኝ። የግመል ወተት ለስኳር ይበጃል የሚለውን ነገር እሱም ያምንበታል፤ ለእኔ ግን ሥጋውም ሆነ ወተቱ በሃይማኖት ምክንያት የሚሆን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእህቴ ጉዳይ ነው። ክብደቴ ሲቀንስ አይታ እሷም እንጀራውን በአንድ ጊዜ ልተው አለችኝ። እሷ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባይ ብዙም የለውም፤ ግሊቤንክላሚድ ግን ሰው በላም አልበላም ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። እህሉ ቀርቶ ክኒኑ በነበረበት መጠን ከቀጠለ ስኳር ሊወድቅ፣ ሰውም እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ኢንሱሊን ለሚወጉትማ አደጋው የባሰ ነው። በስልክ የሚዘዋወሩት ምክሮች ይህን የሚያነሡት በመጨረሻ፣ ያውም ካነሡት ነው። ወደ ሐኪሟ ይዣት ስሄድ እህሉን ጥቂት በጥቂት እንድትቀንስ፣ የግሊቤንክላሚዱን መጠን እሱ ራሱ እየተከታተለ እንዲያወርድላትና በቤት ውስጥ መለኪያ እንድትይዝ ተስማሙ። እሷ ሥጋውን አልፈለገችውም። ማታ ማታ የምትበላውን እንጀራ በግማሽ ቀንሳ ጎመንና ምስር አበዛች፤ የስኳሯ ልክ ከእኔ ባላነሰ ሁኔታ እየተሻሻለ ነው። ይህንንም በየጊዜው ታስታውሰኛለች።

ጰራቅሊጦስ ካለፈ በኋላ በልማድ የቄስ ጾም የሚባለውን የሰኔን ጾም ሳልይዝ፣ ረቡዕና ዓርብን ብቻ እየጾምኩ ቀጠልኩና በዚህ በሐምሌ ወር ተመረመርኩ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 98፣ የወራቱ አማካይ 5.7 በመቶ ወርዷል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም በደንብ ቀንሷል። በአንጻሩ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ118 ወደ 171 ወጥቷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ እንዳመሰገነልኝና በሁለተኛው ግማሽ እንዳልተደሰተ ነገረኝ። ቅቤውና ላቱ ለዚህ ተጠያቂ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ፣ ኮሌስትሮሉ በዚህ መጠን ለዓመታት ከቆየ ስኳሬን አስተካክዬ ልቤን እንደምጎዳ አስረዳኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት አድርጎ መመደቡንም አነሣልኝ። ቋሊማው በእኛ ቤት የለም፤ ቀይ ሥጋው ግን በየቀኑ ነበር። የሆድ ድርቀቱን ሳልነግረው ጠየቀኝ፤ ሥጋ ውስጥ አሰር የሚባል ነገር ስለሌለ መልሱን ያውቀው ነበር።

ከእሱ ጋር ስንነጋገር ያነሣነው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው ዓመት ቆዩ፤ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ያህል ቀነሱ፤ ይህም ልዩነት ሊባል የሚችል አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ግን የተጨመረ ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ታዝዘው ነበር። የእኔን ውጤት ያመጣው የበጉ ላት ነው ወይስ የቀረው ለስላሳ፣ ፈጢራና ሩዝ ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ስለጀመርኳቸው ለይቼ መናገር አልችልም። የእህቴን ነገር ሳይ ግን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ከሥጋው ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ጥጋቡ ይመስለኛል፤ ጠዋት ሦስት እንቁላል በጎመን የበላ ሰው በረፋድ ሳምቡሳ አያምረውም።

አሁን ቅቤውንና ላቱን ትቼ በዘይት እሠራለሁ፤ ሥጋ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ እንቁላል በፍስክ ቀናት፣ ቆስጣና ጎመን በየቀኑ እበላለሁ። እንጀራ ማታ ከቤተሰቡ ትሪ ግማሽ ያህል እቆርሳለሁ፤ ባለቤቴም ሁለት ዓይነት ማብሰሉን በመተዋ ደስ ብሏታል። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቱን ወዳጆቼ እስካሁን አልለመዱልኝም፤ የሻይ ቤቱ ልጅ ሳልጠይቀው ስኳር ጨምሮ ያመጣና መልሼ እሰጠዋለሁ።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ይገባል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲቀሩ እንጀራ በሽሮ ወደ ማብዛት እንዳልመለስ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ በብዛት እንዲኖር ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የወራቱን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ በአሥራ አምስት ቀን ጾም ብዙም ስለማይለወጥ ሐኪሙ ቀጠሮዬን ወደ ጥቅምት አድርጎታል፤ እስከዚያ ድረስ በባዶ ሆድ የሚለካውን ስኳር በእህቴ መለኪያ እየለካሁ በደብተር እጽፋለሁ፣ የመለኪያውን ወረቀት ወጪም ለሁለት እንካፈላለን።